ክሪክ ያነሳል፣ ካቫሌቶ ይይዛል

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ቤቴ አዘዞ ነው። ቦክሰር 150 ሞተር አለኝ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ያማሃ ዲቲ 125 አለው፤ ለሥራ ወደ ደምቢያ ይመላለስበታል። ሰንሰለት ማጥበቅ፣ ዘይት መቀየር፣ ጎማ መፍታት፣ የፍሬን ሸራ መለወጥ እዚሁ ቤታችን ነው የምንሠራው። እስካሁን ድንጋይ እየደገፍን ነበር። አሁን አንድ ማንሻ ልንገዛ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ሃይድሮሊክ አስመጣ፣ 700 ኪሎ ያነሳል ይለኛል። ሌላው እዚሁ አስበይደው ይለኛል። ግቢያችን ግማሹ ሲሚንቶ፣ ግማሹ አፈር ነው። የትኛው ይሻለናል?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው «ድንጋይ እየደገፍን» ያልከው ላይ ነው። ድንጋይ ይሰነጠቃል፣ ይንከባለላል፣ ሲከዳህም አስቀድሞ አይነግርህም። ከዛሬ ጀምሮ ተዉት። ማንሻ እስክትገዙ ድረስ እንኳ በልኩ የተቆረጠ ወፍራም የባህር ዛፍ ጉማጅ ይሻላችኋል።

መልሴን መጀመሪያ ልንገርህ፣ ምክንያቱን ከዚያ አስረዳሃለሁ። ለቦክሰርህ ምንም ማንሻ አትግዛ። ለዲቲው ጠፍጣፋ ራስ ያለው፣ በብሎን የሚሽከረከር፣ እንደ መቀስ የሚከፈት ትንሽ ክሪክ ግዙ። ከእሱ ጋር አንድ ካቫሌቶ፣ ማለትም ከስር ገብቶ የተነሳውን ክብደት የሚይዝ የብረት መቆሚያ፣ እዚሁ ጎንደር አስበይዱ። ሃይድሮሊኩ ለእናንተ ግቢም ለእናንተ ሞተርም አይመችም።

ስለ ኪሎው እንነጋገር፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነውና። ሁለቱም ሞተሮቻችሁ ነዳጅ ይዘው ከ110 እስከ 130 ኪሎ ገደማ ናቸው። ከአንድ ኩንታል እህል ጥቂት ቢበልጡ ነው። ጓደኛህ 700 ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ በዕቃው ላይ 680 ተብሎ ይጻፋል፤ 1500 ፓውንድ ከሚለው የመጣ ነው። ያ ዕቃ የተሠራው 300 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሚመዝኑ፣ ሆዳቸው መሬት ሊነካ ለደረሰ የሀብታም አገር ትልልቅ ሞተሮችና ለባለ አራት ጎማዎቹ ነው። ትንሿ የመቀስ ክሪክ ላይ 500 ኪሎ ተብሎ ተጽፎ ታገኛለህ። እሱም ለእናንተ ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ ሻጭ ፊት ስትቆም «ስንት ኪሎ ያነሳል?» የሚለውን ጥያቄ ከምትጠይቃቸው ሁሉ መጨረሻ አድርገው።

መጀመሪያ የምትጠይቀው ሞተሩን ነው፣ ሻጩን አይደለም። መሬት ላይ ጆንያ አንጥፍና ተኛ። ከሆዱ ስር ተመልከት። ምን አለ? የዘይት መውረጃ ብሎን አለ። ምናልባት የማርሚታው ቱቦ በዚያ ያልፋል። ከዚያ የኢንጅኑ ሆድ አለ። እነዚህን ሦስቱን ክሪክ እንዳይነካቸው። የሚነካው ሻንሲውን ነው፤ ማለትም ኢንጅኑን ከስር አቅፎ የሚያልፈውን የብረት ቱቦ። ዲቲን የመሰለ የገጠር መንገድ ሞተር ከስሩ ይህ ቱቦ ወይም የድንጋይ መከላከያ ብረት ይኖረዋል። መከላከያው ደህና ብረት ከሆነና በደንብ ከታሰረ ክብደቱን ወደ ሻንሲው ያስተላልፋል። ቀጭን ላሜራ ከሆነ ግን ፍታውና ሻንሲውን አግኘው።

ይህን የምልህ ዋጋ ከፍዬበት ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የአንድ ደንበኛ ሞተር የፊት ጎማ ልፈታ ቸኮልኩ። የጭነት መኪና የጠርሙስ ክሪክ፣ ያንን እንደ ጠርሙስ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን፣ አገኘሁና ከኢንጅኑ ሆድ ስር አስገባሁት። ራሱ ከአንድ ብር ሳንቲም ብዙም አይሰፋም። ያ ሁሉ ክብደት በዚያች ጠባብ ነጥብ ላይ አረፈ። ድምፅ እንኳ በደንብ አልሰማሁም። በማግሥቱ ደንበኛዬ ሞተሩ ያደረበት ቦታ ዘይት አቁሮ አገኘ። የኢንጅን ሆድ አሉሚኒየም ነው። እንደ ብረት አይጎብጥም፣ ይሰነጠቃል። እሱን ማስበየድ ደግሞ ተራ ብየዳ ቤት የሚጨርሰው ጉዳይ አይደለም። ወጪውን ከፈልኩ፤ ከዚያ ወዲህ የጠርሙስ ክሪክ ከሞተር ስር አስገብቼ አላውቅም። ለቦክሰር ከሆነማ ነገሩ ገና ከመነሻው አይሆንም። ከሆዱ እስከ መሬት አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም፤ የጠርሙስ ክሪክ ደግሞ ሳይነሳም ቁመቱ ወደዚያው ነው።

አሁን ቦክሰርህን እንየው። ይህ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የመሃል ማቆሚያ ይዞ ነው የሚመጣው። በመሃል ማቆሚያው ስታቆመው የኋላ ጎማው አየር ላይ ነው። ሰንሰለት፣ የኋላ ጎማ፣ የኋላ ፍሬን፣ ዘይት፣ ሁሉም በዚሁ ያልቃል። እንዲያውም ለዘይት ይህ አቋም የተሻለ ነው። የጎን ማቆሚያ ላይ ዘንበል ብሎ የታየ የዘይት ልክ ያታልላል። ማቆሚያው ተፈቶ ከተጣለ ፈልገህ መልሰህ እሰረው። ካለም ሁለት ነገር ፈትሽ። የሚዞርበት ብሎን በልቶ ተላልቶ እንደሆነና ስፕሪንጉ ጠንካራ መሆኑን። ሰው ዳዶ፣ ማለትም የብሎን ማሰሪያ፣ ሲታገል ሞተሩ ወደ ፊት ይገፋና ማቆሚያው ይታጠፋል። ይህ እንዳይሆን የማቆሚያውን እግር ወደ ፊት ስበህ ከፊተኛው የሻንሲ ቱቦ ጋር በገመድ እሰረው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ብዙ መካኒክ እንኳ አያደርገውም፣ ማድረግ ግን ነበረበት።

የቦክሰሩን የፊት ጎማ ስትፈታስ? በመሃል ማቆሚያው ላይ እንዳለ፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ግማሽ ከረጢት አሸዋ አስቀምጥና እሰረው። ፊቱ ቀለል ብሎ ይነሳል። እዚያ ላይ ግን አታቁም። አሸዋው ተንሸራቶ ቢወድቅ ሞተሩ በባዶ ሹካው መሬት ይመታል። ከፊት ከሻንሲው ስር በልኩ የተቆረጠ ጉማጅ አስገባ። ሻንሲው ካልተመቸህና የኢንጅኑ ሆድ ብቻ ከሆነ ያለህ፣ ሰፊና ለስላሳ ጣውላ አድርግበት። ጣውላው የሚደግፍ ብቻ ይሁን፤ ወደ ላይ የሚያነሳው አሸዋው ነው።

ዋናው ጉዳይ ዲቲው ነው። የመሃል ማቆሚያ የለውም፣ ረጅም ነው፣ ሾኩም፣ ማለትም ንዝረቱን የሚውጠው ስፕሪንግ፣ ረጅም ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ስሌት አለ። ክሪኩ ሻንሲውን ማንሳት ሲጀምር ጎማው ወዲያው አይነሳም። መጀመሪያ ሾኩ ይዘረጋል። ጎማው መሬት እንደነካ ሻንሲው ብቻ ከፍ ይላል። ሾኩ ተዘርግቶ ሲያልቅ ነው ጎማው መሬት የሚለቀው። ስለዚህ ሦስት ልክ ያስፈልግሃል። አንደኛ፣ ሞተሩ በጎማው ቆሞ ከመሬት እስከ ሻንሲው ስንት ነው? እንበል 27 ሳንቲ ሜትር። ሁለተኛ፣ ወንድምህ የኋላውን ጫፍ በእጁ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይሳበው፤ ጎማው መሬት ሊለቅ ሲል ምን ያህል ከፍ አለ? እንበል 4 ሳንቲ ሜትር። ሦስተኛ፣ ጎማው ከመሬት ምን ያህል እንዲርቅ ትፈልጋለህ? ጎማ ለመፍታት 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ደምራቸው፣ 36 ይሆናል። ገበያ ላይ ያለው ትንሽ የመቀስ ክሪክ ብዙ ጊዜ ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ድረስ ነው የሚደርሰው። 35 ላይ የሚያቆም ከገዛህ ልክ ስትጀምር ያልቅብሃል። መቀስ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ይወዛወዛል። ስለዚህ ሜትር ይዘህ ሂድና ከፍታውን እዚያው ሱቅ ውስጥ ለካ። ካልደረሰ ከስሩ ወፍራም ጣውላ ታስገባለህ። ጣውላው ግን ከክሪኩ መቀመጫ በሁሉም በኩል አንድ ስንዝር የሚሰፋ ይሁን።

የመቀስ ክሪክን የመረጥኩት ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የሚይዘው በብሎን ጥርስ ነው። ማሽከርከር ስታቆም እዚያው ይቆማል። ዘይት የለው፣ ላስቲክ የለው፣ ቀስ ብሎ የሚወርድበት ምክንያት የለም። መብራት ቢጠፋ ግድ አይሰጠውም። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ጥርሱን በነዳጅ አጥበህ ግሪስ ከቀባኸው ለዓመታት ያገለግልሃል። የደምቢያ ዋልካ ከሞተሩ እየተራገፈ ጥርሱ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ግን እንደ አሸዋ ወረቀት ይበላዋል። ስለዚህ ወንድምህ መጀመሪያ ሞተሩን ይጠበው፣ ከዚያ ያንሳው።

ሃይድሮሊኩን አልጠላውም። በእግር ረገጥ ረገጥ አድርገህ ማንሳት ደስ ይላል። ጎማ ስላለውም ትገፋዋለህ። ነገር ግን ሁለት ሰፊ ክንዶች ነው ያሉት። እነዚያ ክንዶች ሆዱ ጠፍጣፋና ሰፊ የሆነ ሞተር ይፈልጋሉ። ቀጭን ሞተር ሲቀመጥባቸው አንዱ ይነካል፣ ሌላው አየር ላይ ይቀራል። ትንንሾቹ የብረት ጎማዎች አፈር ላይ ይሰምጣሉ። ዕቃው ራሱ ከባድ ነው፤ ብዙዎቹ 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ናቸው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ዘይቱ ነው። ውስጡ ያለው ላስቲክ ሲያረጅ ዘይት ያሳልፋል፤ ክሪኩ ለዓይን ሳይታወቅ ይወርዳል። አንድ ሰው ማታ አንስቶት ያደረ ሞተር ጠዋት ግድግዳ ላይ ተደግፎ አግኝቼለታለሁ። መሪው ጠሟል፣ የፍሬን እጀታው ተሰብሯል። ልጅ ከስሩ ቢኖር ኖሮ ብዬ እስካሁን አስባለሁ። ጥሩዎቹ ሃይድሮሊኮች በየከፍታው የሚቆለፍ ብረት ወይም ፒን አላቸው። ይህ የሌለውን በነፃ ቢሰጡህም አትቀበል። ያለውንም ስትገዛ አንሳው፣ ሰው ይጫንበት፣ ክንዱ የደረሰበትን በጠመኔ አስምር፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። ከመስመሩ ከወረደ ተወው።

በነገራችን ላይ ገበያ ስትወጣ የሚያምታታህ ነገር ስሙ ነው። እኛ ጋ ሁሉም ማንሻ ክሪክ ነው። ክሪክ፣ ካቫሌቶ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የቀሩልን ናቸው። የጣሊያን ጦር ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። የፒያሳ ሕንፃዎችና የጋራዥ ቃላት ግን ከእኛ ጋር ቀሩ። ስለዚህ አራዳ ወርደህ «የሞተር ክሪክ አለህ?» ካልክ የመኪናም፣ የጠርሙስም፣ ያገኘውን ሁሉ ያወጣልሃል። «ራሱ ጠፍጣፋና ሰፊ የሆነ፣ ላስቲክ ያለው፣ በብሎን የሚሽከረከር የመቀስ ክሪክ» ብለህ ዘርዝረህ ጠይቅ። እዚህ ካጣኸው አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው መርካቶ ሶማሌ ተራ አካባቢ ያሉትን የመለዋወጫና የመሣሪያ ሱቆች ይጠይቅልህ። ሰው ስትልክ ልኩን በወረቀት ጽፈህ ስጠው። በቃል የተላከ ዕቃ ሌላ ሆኖ ይመጣል።

ቪትዝ ያለው ጎረቤት ካለህ በመኪናው ውስጥ የመቀስ ክሪክ ይኖራል። እሱን ተውሰህ መጀመሪያ መሞከር ትችላለህ። የመኪና ክሪክ ራስ ግን ጠባብ ነው፣ መሃሉ ላይም ቦይ አለው፤ የተሠራው ለመኪናው ጠርዝ ነውና። ከላዩ ጠንካራ እንጨት አድርግ፣ እንጨቱም እንዳይንሸራተት ከስሩ በቦዩ ልክ ይቀረጽ። ለአንድ ቀን ይሠራል። ዘላቂ መፍትሔ አድርገህ ግን አትውሰደው።

አሁን ወደ ብየዳው። ጓደኛህ «አስበይደው» ማለቱ ግማሹ ልክ ነው። ክሪኩን አታስበይድ። የሚንቀሳቀስ፣ የሚታጠፍ፣ ጥርስ ያለው ነገር ከፋብሪካ ይምጣ። ካቫሌቶውን ግን ማንኛውም ጎበዝ በያጅ ይሠራልሃል፤ ምናልባትም ከተገዛው የተሻለ አድርጎ። 30 በ30 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ይበቃል። ቅርጹን እንዲህ አስረዳው። ከሞተሩ ግራ ወደ ቀኝ ሰፊ ይሁን፣ መቀመጫው ወደ 45 ሳንቲ ሜትር። ከፊት ወደ ኋላ ግን ጠባብ ይሁን፣ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሞተር የሚወድቀው ወደ ጎን ነው። ርዝመቱ ላይ ግን መሬት የነካ አንድ ጎማ ስለሚኖርህ እሱ ይይዝልሃል። ደግሞም ካቫሌቶው ከክሪኩ አጠገብ፣ በዚያው አጭር የሻንሲ ቱቦ ስር መግባት አለበት። ሰፊ ቢሆን አይገባም።

ከፍታው የሚስተካከል ይሁን። አንዱ ቱቦላሬ በሌላው ውስጥ የሚገባ፣ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ የተበሳ፣ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን የሚያልፍበት። ብሎኑ ደህና ብሎን ይሁን፤ ፌሮ ቆርጦ አያስገባልህ። ራሱ ላይ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ይሰካ፣ ሻንሲው እንዳይፋቅና እንዳይንሸራተት። ከእግሮቹ ስር ደግሞ ጠፍጣፋ ብረት ይበየድ፣ ባዶ ቱቦ ሲሚንቶን ይበሳል፣ አፈር ውስጥ ይሰምጣል። ብየዳው ዙሪያውን ይሁን። ነጥብ ነጥብ የተደረገ ብየዳ ለማጠሪያ በር ነው እንጂ ለዚህ አይሆንም። ሲያልቅ ቀለም ሳይቀባ እየው። ቀለም ስንጥቅ ይደብቃል። ከዚያ ሁለት ሰው ይቁምበትና ያወዛውዘው። ጮኸ ወይም ጠመመ? ይመለስ።

ሌሎች ዓይነቶችን በጨረፍታ ልንካቸው፣ ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ይኖራልና። አፓቼ ወይም ፑልሳር ኖሮት የመሃል ማቆሚያ የሌለው ሰው፣ የኋላ ጎማውን በግራና በቀኝ ከሚይዙት ክንዶች ስር ገብቶ በእጅ ተጭኖ የሚነሳ ማቆሚያ ይስማማዋል። ክንዱ ላይ የብሎን ቀዳዳ ካለው፣ 6 ወይም 8 ወይም 10 ሚሊ መሆኑን አይቶ የሚገጠመውን ድቡልቡል መያዣ ይግዛ። ሲያነሳ ሌላ ሰው መሪውን ይያዝለት። ለብቻ ሲነሳ ሞተሩ ወደ ወዲያኛው ጎን ይተኛል። በእግር ተረግጦ የሚነሳው የሞቶክሮስ ማቆሚያም አለ። ለዲቲው ድንቅ ነው፣ አንድ ጊዜ ረግጠህ ራሱ ይቆለፋል። ካገኛችሁትና ቁመቱ በልካችሁ ከሆነ ከመቀስ ክሪኩ ይልቅ እሱን ውሰዱ። ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው፣ ሞተሩን ሙሉ ተሸክሞ እስከ ወገብ የሚያነሳው ጠረጴዛ ግን የጋራዥ ዕቃ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚያጎነብስ መካኒክ ወገቡን ያድነዋል። በወር አንድ ጊዜ ለሚሠራ ቤተሰብ ግቢ ማጣበብ ነው።

ግቢህን ግማሹ ሲሚንቶ ነው ብለሃል። እንግዲያው ሥራው ሁሌ በሲሚንቶው ላይ ይሁን። ጎንደር ላይ አብዛኛው ሰው ግቢው ዳገት ነው። አዘዞ ሜዳ ስለሆነ በዚህ ዕድለኛ ነህ። ቢሆንም ሲሚንቶም ውሃ እንዲወርድ ዘንበል ተደርጎ ይፈስሳል። ውሃ ልክ ከሌለህ ባዶ ጠርሙስ በሁለት አቅጣጫ አስተኝተህ እየው። ከተንከባለለ ሌላ ጥግ ፈልግ። ሞተሩም ሁሌ ፊቱን ወደ ዳገቱ ያዙር። ኮብልስቶን ላይ ከሆነ ከክሪኩ ስር ሰፊ ጣውላ ግድ ነው። በክረምት ርጥብ አፈር ላይ ግን ጣውላም ቢኖር አትሥራ። መጀመሪያ የያዘ ይመስላል፣ ዳዶውን ስትታገል ይሰምጣል።

አሁን አሠራሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልንገርህ፤ የዲቲው የኋላ ጎማ ነው እንበል።

ሞተሩ ገና በሁለት ጎማው ቆሞ ሳለ የፔርኖውን (ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ) ዳዶ አላላው። ይህን ሁሌ አስብ። ጠንካራ ዳዶ የሚላላውም የሚጠብቀውም ጎማ መሬት ላይ ሆኖ ነው። ሞተር የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ተነስቶ ባለበት ሰው በሙሉ ኃይሉ ቁልፍ ሲስብ ነው። ከዚያ የነዳጁን ሩቢኔት ዝጋ። ከአሮጌ ካላማዳሪያ ሁለት ጣት የሚያህል ቁራጭ ቁረጥና የፊት ፍሬኑን እጀታ ከመሪው ጋር ጠፍረህ እሰረው። አሁን የፊት ጎማው አይንከባለልም። ይህች የላስቲክ ቁራጭ ምንም አታወጣም፣ ከክሪኩ እኩል ግን ዋጋ አላት።

ወንድምህ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ይያዝ። አንተ ክሪኩን ከሻንሲው ስር አስገባ፣ ብሎኑ ወደ ጎን ወጥቶ እንድትደርስበት። ከመሃል ትንሽ ወደ ኋላ አድርገው። ወደ ኋላ ሲጠጋ የኋላው ጎማ ይነሳል፣ የፊቱ መሬት ላይ ይቀራል። የፊት ጎማ በምትፈታበት ቀን ደግሞ ተቃራኒውን ታደርጋለህ፤ ያኔ እሚታገደው የኋላ ጎማ ነው። ማርሽ አስገባና ከኋላው ጎማ ፊትና ኋላ ጉማጅ ደግፍ። ሁለቱንም ጎማ በአንድ ጊዜ አየር ላይ እንዳታውል። አንዱ ጎማ መሬት ከነካ ሞተሩ ሁለት መቆሚያ አለው፣ ክሪኩ ላይ ያለው ጭነትም ይቀንሳል። ሁለቱም ሲነሱ ግን በአንዲት ትንሽ ጠፍጣፋ ብረት ላይ የቆመ ረጅም ነገር ነው የሚሆነው።

ቀስ እያልክ አሽከርክር። ሾኩ ሲዘረጋ ታያለህ፣ ከዚያ ጎማው መሬት ይለቃል። 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲርቅ ቁም። ካቫሌቶውን ከክሪኩ አጠገብ አስገባ፣ ከፍታውን ከሻንሲው አስጠግተህ ብሎኑን አሳልፍ። ከዚያ ክሪኩን ትንሽ አውርደው፣ ሞተሩ ካቫሌቶው ላይ ይረፍ። ክሪኩን አታውጣው። ነካ እንዳደረገ እዚያው ይቆይ። አሁን ኮርቻውን ይዘህ በመዳፍህ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ገፋ ገፋ አድርገው። ካልተንቀሳቀሰ እጅህን ከስሩ አስገባ። ከተንቀሳቀሰ አውርደህ እንደገና ጀምር። በረንዳ ላይ ምሰሶ ወይም ጠንካራ ወራጅ ካለህ ከመሪው ወይም ከኋላ መጫኛው ገመድ ወደ ላይ አስረህ ላላ አድርገህ ተወው። ክብደት አይሸከምም፣ ሞተሩ ሊወድቅ ሲል ግን ይይዘዋል።

ጎማው ሲወጣ ሚዛኑ ይለወጣል። የኋላ ጎማ ከነጥርሱ ብዙ ኪሎ አለው። እሱ ሲሄድ የኋላው ይቀላል፣ ሞተሩ ወደ ፊት ይደፋ ይሆናል። ስለዚህ ፔርኖውን ስትስብ ጎማው በድንገት እንዳይወድቅ እግርህን ከስሩ አድርገህ ደግፈው፤ አውጥተህም እንደገና ሚዛኑን ገፋ አድርገህ እይ። ስትገጥም የፔርኖውን ዳዶ በእጅ ኃይል ብቻ አጥብቀህ ሞተሩን አውርድ። የመጨረሻው ማጥበቅ መሬት ላይ ነው። አውርደህ ከጨረስክ በኋላ የላስቲኳን ቁራጭ ፍታ። ከዚያ መንገድ ከመውጣትህ በፊት የኋላ ፍሬኑን ደጋግመህ ርገጥ።

ሰንሰለት ስታጠብቅ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ዲቲውን በሻንሲው ስታነሳው ሾኩ ስለሚዘረጋ የሰንሰለቱ ልል መጠን መሬት ላይ ሆኖ ከሚታየው ይለያል። ተነስቶ እያለ «ልክ ነው» ብለህ ያጠበቅከው ሰንሰለት ሰው ሲቀመጥበት ሊወጠር ይችላል። የተወጠረ ሰንሰለት ኩሽኔታ ይበላል፣ ራሱም ይበጠሳል። የሞተሩ መመሪያ በየትኛው አቋም እንደሚለካ ይናገራል፤ እሱን ተከተሉ። ቦክሰሩን ከመሰለ የከተማ ሞተር ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ልል ይፈለጋል። የዲቲው ከዚያ ይበልጣል። ሁሌም የመጨረሻውን ፍተሻ ሞተሩን መሬት ላይ አውርደህ፣ ወንድምህ ተቀምጦበት አድርገው።

አንድ ነገር ደግሜ እለምንሃለሁ። ሰንሰለት ስታጸዳ ወይም ዘይት ስትቀባ ኢንጅኑ አይነሳ። ማርሹን ፎሌ (ባዶ) አድርግና ጎማውን በእጅህ አሽከርክረው። ኢንጅኑን አስነስቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ በሚሮጥ ሰንሰለት ላይ ጨርቅ የሚይዝ ሰው አያለሁ። ጨርቁን ጥርሱ ይይዘዋል፣ ጣቱም ይከተላል። እጅህን ለመመለስ ጊዜ አይኖርህም። ጎማው አየር ላይ መሆኑ ይህን ለማድረግ ያመቻል፤ ለዚህም ነው ማንሻ ለሚገዛ ሰው ሁሉ ይህን የምናገረው። ሞተሩ ተነስቶ ሳለም ግቢውን ትታችሁ አትውጡ። ልጆች ከፍ ያለ ሞተር ሲያዩ ይወጡበታል።

አሁን ሜትር ያዝና ዲቲው ስር ተኛ። ከመሬት እስከ ሻንሲው ያለውን፣ የኋላው በእጅ ሲሳብ ከፍ የሚለውን፣ የሻንሲው ቱቦ ከፊት ወደ ኋላ ምን ያህል ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ፣ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ጻፍልኝ። ወደ በያጁ ከመሄድህ በፊት የካቫሌቶውን ቁመትና የቀዳዳዎቹን ቦታ አስልቼ እሰጥሃለሁ።